ለልጄ፣ ስለ ቤትሽ የሊዝ ዘመን



እንኳን እግዚአብሔር ለገዛ ቤትሽ አበቃሽ። እናትሽ ስለ ዕቃው ታስባለች፤ እኔ ደግሞ የሰጠሽኝን የሊዝ ውል ይዤ ሁለት ማታ አነበብኩት። የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፤ ሊዙን ሳትውዪ ሳታድሪ አስረዝሚው።

«አባዬ፣ እኛ እኮ የፍሪሆልዱም ባለቤቶች ነን» ብለሽኛል። አገር ቤት የመኖሪያ መሬት ከመንግሥት በሊዝ ለ99 ዓመት ይወሰዳል፤ ባለመሬቱና ባለሊዙ አንድ ሰው ሊሆኑ አይችሉም። ለንደን ላይ ግን ይቻላል፣ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። በእጅሽ ያለው ሁለት የተለያየ ንብረት ነው። ሊዙ ያንቺ ብቻ ነው፤ ፍሪሆልዱን፣ ማለትም ሕንፃውንና መሬቱን፣ ግን ከሦስቱ ጎረቤቶችሽ ጋር በጋራ ይዛችሁታል። የጋራው ባለቤት መሆንሽ የሊዝሽን ዘመን ከመቁጠር አያቆመውም። ውልሽ «ከ25 ማርች 2002 ጀምሮ ለ99 ዓመት» ይላል። የባንኩን ዕዳ በ25 ዓመት ከፍለሽ ስትገላገዪ የሚቀርሽ 50 ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ልሽጠው ብትይ፣ ለገዢው ብድር የሚሰጥ ባንክ ማግኘት ጭንቅ ነው።

ታዲያ ሊዙን ለምን አናጠፋውም እንዳትይ። በእንግሊዝ ሕግ፣ ጣሪያ የመጠገንና ለጥገናው የማዋጣት ግዴታ ከገዢ ወደ ገዢ በአስተማማኝ የሚተላለፈው በሊዝ ነው። እሱ ከሌለ ጣሪያው ሲያፈስ አልከፍልም ያለን ሰው ማስገደድ ይከብዳል። ሊዙ ይኑር፣ 999 ዓመት ይሁን፣ የመሬት ኪራዩም ይቅር።

እኔን የሚያሳስበኝ ፊርማው ነው። የሚያራዝምልሽ አከራይ እናንተው አራታችሁ ናችሁና፣ የፍሪሆልዱን ሰነድ ከመሬት መዝገብ ቤቱ፣ ከላንድ ሬጂስትሪ፣ አስወጥተሽ ስሞቹን አንድ በአንድ ተመልከቺ። በግለሰቦች ስም ከሆነ ከአራት ሰው በላይ አይመዘገብበትም፤ ፍላቱን ሸጦ ከሄደ በኋላም ስሙ እዚያው የቀረ ሰው ሊኖር ይችላል፣ ያለሱ ፊርማ ደግሞ አትንቀሳቀሱም። በኩባንያ ስም ከሆነ፣ ለኩባንያዎች መዝጋቢው ለካምፓኒስ ሃውስ በየዓመቱ የሚላከው ማረጋገጫ መላኩን ጠይቂ። ዝም ከተባለ ኩባንያው ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ሕንፃችሁም ለእንግሊዝ ዘውድ ይገባል። ማስመለስ ይቻላል፤ ግን ስንት ወጪና ስንት ደጅ ጥናት!

ዛሬ ፍቅር ናችሁ። ምድር ቤት ያሉት አዛውንት ዳቦ ይዘሽላቸው ስትሄጂ በር ድረስ ወጥተው ነው የሚቀበሉሽ። ነገ ግን ቤታቸውን ልጆቻቸው ይወርሱት ይሆናል፤ የላይኛውም ይሸጥ ይሆናል። አዲሱ ሰው «ለፊርማዬ ስንት ትከፍያለሽ?» ቢልሽስ? በሕግ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ግን በእንግሊዝ የ1993ቱ የሊዝ ሕግ ስሌት ከ80 ዓመት በታች የወረደ ሊዝ ማራዘሚያው ይወደዳል፣ ያንቺም ወርዷል። በስምምነት ሲሆን አንዳችሁ ለሌላው ምንም ሳትከፍሉ የጠበቃና የምዝገባ ወጪ ብቻ ችላችሁ ትጨርሱታላችሁ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል።

ለብቻሽም አታድርጊው። አራቱም ሊዞች በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል ይራዘሙ፤ አንዱ 999 ይዞ ሌላው 75 ላይ ከቀረ ቅሬታ ይገባል። በዚያው አጋጣሚ የውሉን ስህተት አሳርሚ። ካርታው ላይ በቀይ የተከበበው ያንቺ ክልል የኋላውን ጓሮ አያካትትም፤ ቤቱን ሲያሳዩሽ ግን ያንቺ ነው ብለውሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ። ዘመኑ ሲራዘም በሕግ ዓይን አሮጌው ሊዝ ተመልሶ አዲስ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ብድሩ የተያዘው በአሮጌው ላይ ስለሆነ፣ ማንም ከመፈረሙ በፊት የባንክሽ ፈቃድ በጽሑፍ ይምጣ፤ መያዣውም ወደ አዲሱ ይዛወር። ጠበቃሽ ይህን ካላነሳልሽ አንቺው አንሺው።

የወጪውን ድርሻሽን እኔና እናትሽ እንችላለን። አንቺ በዚህ ሳምንት መጀመሪያ አዛውንቷን፣ ቀጥሎ ሁለቱን አነጋግሪና ያሉሽን ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ