በበርሚንግሃም ከተማ ስለ ሰማነው የብረት ሙዚቃ

የሩቅ አገር ሙዚቃ በሸክላ ተቀርጾ ወደ ቤታችን ሲመጣ ድምፁ ይደርሰናል እንጂ የተወለደበት ስፍራ አብሮት አይመጣም። ዜማው ከምን ዓይነት መንደር እንደ ወጣ ለማወቅ የሚወድ ሰው ተነሥቶ መሄድ ይገባዋል። እኛም ከወጣትነታችን ጀምረን የምንወደውን ብላክ ሳባዝ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናችን ለማየት፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በጁላይ ወር 2025 ዓ.ም. ከሎንዶን በምድር ባቡር ተሳፍረን ወደ በርሚንግሃም ሄድን።

በርሚንግሃም የብረት ሠራተኞች ከተማ ናት። ጠመንጃ፥ አዝራርና ጌጣጌጥ ሲሠራባት ኖሯል። በ18ኛው መቶ ዓመት ማቲው ቦልተንና ጄምስ ዋት ተሻርከው የእንፋሎት ሞተር የሠሩት በዚሁ አካባቢ ነው። ብዕር ይዘው የሚውሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ዓለም ይጽፍበት ከነበረው የብረት ብዕር የሚበዛው ከዚህች ከተማ ይወጣ ነበር።

ከከተማው መካከል በስተ ሰሜን አስተን የሚባል ሰፈር አለ። ከ1618 እስከ 1635 የተሠራው አስተን ሆል የተባለ የመኳንንት ቤት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ ወጣ ሲሉ ግን የሠራተኞች ጠባብ የጡብ ቤቶች ተሰልፈው ይገኛሉ። ሚስተር ኦዚ ኦዝቦርን፥ ሚስተር ቶኒ አዮሚ፥ ሚስተር ጊዘር በትለርና ሚስተር ቢል ዋርድ በዚህ አካባቢ አድገው በ1968 ጓዱን አቆሙ። የሚጫወቱትም ሙዚቃ በኋላ ሄቪ ሜታል ተባለ፤ ትርጓሜው ከባድ ብረት ማለት ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት የተገኘ አይመስለንም። ሚስተር አዮሚ የ17 ዓመት ወጣት ሳሉ በብረት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ሥራውን ሊተዉ በተነሡበት በመጨረሻው ቀን መኪናው የቀኝ እጃቸውን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠባቸው። ግራኝ ስለ ሆኑ የጊታሩን አውታር የሚጫኑት በዚሁ በተጐዳው እጅ ነው። ተስፋ ቈርጠው ሳሉ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማቸው፤ ይህ ሰው እጁ በእሳት ተጐድቶ በሁለት ጣቶች እየተጫወተ ስሙን ያስጠራ ነበር። ከዚህም በኋላ ሚስተር አዮሚ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጠው ለጣታቸው ቆብ አበጁ፤ በላዩም ቆዳ ለጠፉበት። ቀጭን አውታር መረጡ፤ ቈይተውም ጣታቸውን እንዳያሳምማቸው አላሉት። አውታሩ በላላ ጊዜ ድምፁ ወፍራምና ከባድ ሆነ።

ጁላይ 5 ቀን በአስተን በሚገኘው ቪላ ፓርክ በተባለው የኳስ ሜዳ ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር፥ አባቶችም ሕፃናትን በትከሻቸው ተሸክመው መጥተው ነበር። ከቀትር በኋላ ጀምሮ ሜታሊካን የመሰሉ ስመ ጥር ጓዶች ተራ በተራ ተጫወቱ፤ ብዙዎቹም ከራሳቸው ዜማ ጋር የብላክ ሳባዝን ዜማ ይጨምሩ ነበር። ድምፁ በጆሮ ብቻ የሚሰማ አይደለም፤ ደረትን ይመታል፤ የቆሙበትንም ወለል ያንቀጠቅጣል። ሕዝቡ ሲጯጯኽና ሲገፋፋ ላየው ጠብ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ሲወድቅ አጠገቡ ያሉት ፈጥነው ያነሡት ነበር።

በመሸ ጊዜ ሚስተር ኦዝቦርን በጥቁር ዙፋን ላይ ተቀምጠው ታዩ። ዕድሜያቸው 76 ዓመት ነበረ፤ ፓርኪንሰን የተባለ የሚያንቀጠቅጥ ደዌ እንደ ያዛቸው በ2020 ለሕዝብ አስታውቀው ነበርና መቆም አልቻሉም። ድምፃቸው ይጸና ይሆን ብለን ፈራን። ወደ ቤት ስለ መመለስ የሚናገረውን ዜማ ሲጀምሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ያን ጊዜ ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ሆኖ ተቀበላቸው፤ ብቻቸውንም አልተዋቸውም። እኛም ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ዘፈንን፤ ዕንባችንንም አልከለከልነውም።

በመጨረሻ አራቱ ከ2005 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው በመድረክ ተገኝተው አራት ዜማ ተጫወቱ። የመጀመሪያው በ1970 የወጣውና ድኾችን ወደ ጦርነት እየላኩ ራሳቸው የሚቀሩትን ሹማምንት የሚነቅፈው ነበር። ይህ ሙዚቃ የልጆችን ጠባይ ያበላሻል ብለው የሚሰጉ ወላጆች ከጩኸቱ በታች ምን እንደሚባል ቢመረምሩ መልካም ነው። ሚስተር አዮሚ በትልቁ ሸራ ላይ ሲታዩ ዓይናችን ከጣቶቻቸው አልተነቀለም፤ ቆቦቹን አየናቸው። ሃያ ዓመት በሸክላ ስንሰማው የኖርነው ድምፅ ከምን እንደ ተሠራ በዚያች ሰዓት ተረዳነው።

የዕለቱ ትርፍ ለፓርኪንሰን ደዌ ምርምርና ለሕመምተኞች ልጆች መርጃ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። ከዚያም ሌሊት በኋላ በ17ኛው ቀን፥ ጁላይ 22፥ ሚስተር ኦዝቦርን ዐረፉ። በጁላይ 30 አስከሬናቸው በከተማዪቱ አደባባይ ሲያልፍ በጓዱ ስም በተሰየመው ድልድይ አጠገብ ሕዝብ በብዛት ቆሞ ሸኛቸው።

ሸክላው ለልጅ ልጅ ይቈያል፤ ጣቱና ጕሮሮው ግን ቀን አላቸው። ስለዚህ ከአንባቢዎቻችን ማናቸውም የሚወደው ባለ ሙያ፥ በገና ደርዳሪም ቢሆን ባለ ጊታር፥ በሕይወት ካለ መንገዱን አያዘግይ፤ ሄዶ ይስማው።