ስማቸውን እንጂ መልካቸውን የማናውቃቸው ፊልሞች

ፊልም እወዳለሁ የሚል ሰው ሁሉ ያላየው አንድ ታላቅ ፊልም አያጣም። አርእስቱን ያውቃል፤ የሠራውን ሰው ያውቃል፤ የት አገር ተሸልሞ እንደመጣ ያውቃል፤ ስሙ በተነሣ ቁጥርም ራሱን እየነቀነቀ «እሱማ ሌላ ነው!» ይላል። ፊልሙን ግን አላየውም። ይህ የወንድም የሴትም ጠባይ ነው። ሆኖም ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ዘንድ ሲመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለውና ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በባሕር ዳር ብዙ የሚወደስና ጥቂት የሚታይ ፊልም ቢፈለግ አንደኛው «ጤዛ» ሳይሆን አይቀርም። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር የተወለደ የሐይቃችን ማዶ ሰው ነውና እንደ ቅርብ ዘመድ እንኮራበታለን። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት አገኘ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚደረገው የአፍሪካ ፊልሞች በዓል ላይ ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ጀርመን አገር ተምሮ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ወደ እናቱ መንደር የሚመለስ አንበርብር የተባለ ምሁር ታሪክ ነው። ይህን ሁሉ እናውቃለን።

ባለፈው ሰሞን ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ይኸው ፊልም ተነሣ። አምስት ነበርን፤ አንዷ አስተማሪ፣ አንዷ ነርስ፣ አንዷ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም የምትነግድ፣ አንዷ ጡረታ የወጣች ጸሐፊ፣ አምስተኛዋ እኔ። ሁላችንም በየተራ አወደስነው። ኋላ ነጋዴዋ፣ ነገርን ፊት ለፊት መጠየቅ የምትወድ ሴት ናትና፣ «ለመሆኑ አይታችሁታል?» ብላ ጠየቀች። ቤቱ ዝም አለ። ነርሷ ግማሹን አይታለች፤ ግማሹ ላይ ለተረኛነት ተጠርታ ወጣች። አስተማሪዋ መጀመሪያውን ሦስት ጊዜ አይታዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ልጇ ከእንቅልፉ ተነሥቶ አለቀሰባት። ለጸሐፊዋ ባለቤቷ አይቶ ነግሯታል። ለኔ ወንድሜ ነግሮኛል። ጠያቂዋ ራሷ ደግሞ «እኔማ ከናንተ ነው የሰማሁት» ብላ ሣቀች።

ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ የሳምንቱን እንጀራ ጋግሮ ለመጨረስም ይኸው ሰዓት ይበቃል። ምጣድ ላይ ስንሆን ማንም አያቋርጠንም፤ ልጅ እንኳ ቢመጣ «ጭሱ ያቃጥልሃል፣ ዞር በል» ብለን እንመልሰዋለን። ቴሌቪዥኑ ፊት ስንቀመጥ ግን «ምን ሥራ ይዘሻል?» የሚል ጥያቄ ከየክፍሉ ይመጣል። ጠያቂውም ሁልጊዜ ባል ብቻ አይደለም። አማት ትጠይቃለች፤ ልጅ ይጠይቃል፤ ከሁሉ የባሰው እኛው ራሳችንን የምንጠይቀው ነው።

በዚህ ምክንያት ለብዙዎቻችን ፊልም በዓይን የሚታይ ሳይሆን በጆሮ የሚሰማ ነገር ሆኖ ኖሯል። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ባሕር ዳር ፊልም የሚታይበት አዳራሽ በእሑድ ቀን በወንዶች ልጆች ይጨናነቅ ነበር። ሴት ልጅ አትግባ የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ አልተለጠፈም። ቢሆንም ጨለማ ቤት ውስጥ ከጎረምሶች ጋር ተቀምጣ የወጣች ልጅ ማክሰኞ ገበያ ላይ ስሟ ይነሣ ነበርና አንሄድም። ታላቅ ወንድሜ ይሄድና ማታ መጥቶ ይተርክልናል። ክፍያው አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ ነበር፤ ቆሎው ሲያልቅ ታሪኩም ይቆማል፤ ሲጨመርለት ይቀጥላል። ተኩሱን በአፉ ይተኩሳል፤ የሕንዶቹን ዘፈን በማያውቀው ቋንቋ ይዘፍናል። ከራሱ የጨመረው ምን ያህል እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ከተረካቸው ሁሉ ቤታችን የቀረው «ማዘር ኢንዲያ» ነው። በ1950 ዓ.ም. የወጣ፣ ናርጊስ የተባለችው ተዋናይት የእናቲቱን ቦታ ይዛ የተጫወተችበት ዝነኛ የሕንድ ፊልም ነው። ባሏ ሁለት ክንዶቹን ድንጋይ ጨፍልቆበት ቤቱን ጥሎ ይጠፋል፤ እሷ ማረሻ እየጎተተች ልጆቿን ታሳድጋለች፤ አራጣ አበዳሪው በእህል ሊገዛት ሲሞክር እምቢ ትላለች። ታናሹ ልጇ አድጎ ሽፍታ ይሆንና የአራጣ አበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ጠልፎ በፈረስ ሊሸሽ ሲል፣ ያቺው እናት ጠመንጃ አንሥታ የገዛ ልጇን ትገድለዋለች።

ወንድሜ እዚህ ላይ ሲደርስ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እናቴ ቀን በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትፈትል፣ ማታ ደግሞ ቤቷ እንዝርት የምታሾር ሴት ነበረች። እንዝርቱን አቆመችው። «ልጅቷን ስለጠለፈ ነው የገደለችው?» አለች። «አዎ» አላት። «የወለደችውን?» «የወለደችውን።» እንዝርቱ ሳይሾር ብዙ ቆየ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እንግዳ ሲመጣ «እስቲ ያችን የሕንድ እናት ንገራቸው» ትለው ነበር። ፊልሙን ግን እስከ ዛሬ አላየችውም። ቪዲዮ ከተማችን ሲገባ ካሴቱ በየቪዲዮ ቤቱ ይታይ ነበር፤ እሷ ግን «በልቤ ያለው ይበቃኛል» አለች።

ከሐይቁ ዳር ሆኖ ማዶውን ለሚያይ ሰው ክብራን ገብርኤል ከነዛፉ ይታያል። ገዳሙ ሴት አትገባበትም። ወንዶቹ በጀልባ ተሻግረው ይሳለማሉ፤ ሥዕሉን፣ የብራና መጻሕፍቱን አይተው ይመለሳሉ፤ እኛ ከዳር ሆነን የነገሩንን እንሰማለን። ያ የአባቶች ሥርዓት ነው፤ እናከብረዋለን፤ ለማየት የፈለገች ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ልትሳለም ወደ ዘጌ ትሄዳለች። ሲኒማውስ? መነኩሴ የለበት፣ ሥርዓት የለበት፣ ግን እሱንም ከዳር ሆነን በወሬ ነው ያወቅነው።

ዛሬ ዘመኑ ተለውጧል፣ ፊልሙ በእጅ ስልክ ሳይቀር ቤት ድረስ መጥቷል የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው። ግን ቤት ድረስ የመጣውና በቤቱ ሴት የታየው አንድ አይደለም። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር በአማርኛ የተመለሱት የውጭ ተከታታይ ድራማዎች ጎረቤቱን ሁሉ እንዴት እንደያዙ ታስታውሳላችሁ። ብዙ ምሁራን ሴቱን በዚህ ሲወቅሱ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ተከታታይ ድራማ የወደድነው ስለተቆራረጠ ይመስለኛል። ሽንኩርት እየከተፉ ይታያል፤ አንድ ቀን ቢያመልጥ ጎረቤት ትናገራለች። እንደኛ ቀን የተቆራረጠ ነው። «ጤዛ» ወይም የዚሁ የኃይሌ ገሪማ የ1968 ዓ.ም. ሥራ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንዲህ አይሆንም። ሁለተኛው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል፤ የአንድ የጭሰኛ ቤተሰብን ድካም ሳይቸኩል ያሳያል። ጣሊያን አገር ቦሎኛ ላይ እንደገና ታድሶ የዓለም ቅርስ ከሚባሉት ፊልሞች ጋር ተቀምጧል። ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየትን ይጠይቃል። ዝም ብላ የተቀመጠች ሴት ደግሞ በእኛ አገር ወይ ታማለች ወይ አኩርፋለች።

ይሁን እንጂ ጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም። ሳይታዩ የሚቀሩት ሌሎች ፊልሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱን ልንገራችሁ፤ እናቴም እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች።

የአገራችን ረጅም ፊልም የሚጀምረው ሂሩት ከሚባል ስም ነው። በ1957 ዓ.ም. የተሠራውን «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚለውን ፊልም በስሙ ያልሰማ የለም፤ አይቼዋለሁ የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ሌላ ሂሩት መጣች። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ የገደለች የ14 ዓመት ልጅና ጠበቃዋ ታሪክ፤ መነሻውም በእውነት የደረሰ ነገር ነው። ጠበቃዋ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ፊልሙ በአሜሪካ በሰንዳንስ፣ በጀርመን በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ አዲስ አበባ ላይ የተጋበዘው ሰው አዳራሽ ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ እንዲቆም ተደረገ፤ ኋላ እግዱ ተነሥቶ ታየ። አርእስቱን ልብ በሉት። ድፍረት በቋንቋችን ጀግንነትም ነው፣ በሴት ላይ የሚፈጸመው በደልም ነው። አንዱን ቃል ለሁለቱም መስጠታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ2010 ዓ.ም. ልጄ 14 ዓመት ሞላት። ፊልሙን ከጓደኛዋ አምጥታ «እማማም ትይ» ብላ አያቷን ጠራች። እናቴ መጥታ ተቀመጠች። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ሜዳውን ስታቋርጥ፣ ፈረሰኞቹ ሲመጡ፣ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና «ወጡ ሳያርብኝ» ብላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ወጥ አልተጣደም ነበር።

እናቴ የሐይቁ ማዶ ልጅ ናት። በ13 ዓመቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ተጠለፈች። ሽማግሌ ተላከ፣ ካሣ ተከፈለ፣ ነገሩ በእርቅ አለቀ። በዚያን ጊዜ ሕጉም ያው ነበር፤ በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከክሱ ያመልጥ ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። እናቴ ግን ሕጉ እስኪለወጥ አልጠበቀችም። በሁለተኛ ዓመቷ ማገዶ የጫነ ታንኳ ለምና ባሕር ዳር ገባች፤ አክስቷ ቤት ተጠግታ አደገች፤ ኋላም ፋብሪካ ተቀጠረች። አባቴን እዚያው አግኝታ ወዳ አገባችው። እኛ ልጆቿ ይህን የሰማነው ጎልምሰን ነው።

ልጄ ፊልሙን ጨርሳ ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቴ ባዶ እጇን ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። «ኋላ ዳኛው ምን አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጄም ቁጭ ብላ፣ ልክ አጎቷ እንደሚያደርገው፣ ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላት። ከጎጆው እንዴት እንዳመለጠች፣ ጠመንጃውን እንዴት እንዳገኘች፣ ጠበቃዋ ከማን ከማን ጋር እንደተሟገተች፣ በመጨረሻም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነፃ እንደተለቀቀች። እናቴ አንድም ቃል ሳታቋርጥ ሰማቻት። ሲያልቅ «አንዴ ድገሚልኝ» አለች። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እኔም ሰማሁ። እንግዲህ እናቴ «ድፍረት»ን አይታዋለች ወይስ አላየችውም? እኔ መልስ የለኝም።

ወደ «ጤዛ» ልመለስና፣ አምስታችን ተማክረን ለሚመጣው እሑድ ቀጠሮ ይዘናል። የአስተማሪዋን ልጅ ባሏ ሐይቅ ዳር ይዞት ይሄዳል፤ ይህን ራሱ ነው ያለው፣ ማንም አላስገደደውም። ነርሷ ተረኛ አይደለችም። ነጋዴዋ ሱቋን በስምንት ሰዓት ትዘጋለች። ቡና የሚፈላው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው፤ በመካከል ረከቦት ይዞ የሚነሣ ሰው አይኖርም። ስልክ ሁሉ መሶቡ ውስጥ ይገባል።

ትናንት ማታ ለእናቴ ነገርኋት። በፊልሙ ውስጥ ልጇን የምትጠብቅ አሮጊት እናት እንዳለች ስነግራት ፊቷ በራ።

«ጠለፋ አለበት?» አለችኝ።

«እኔም አላየሁትም እኮ፣ እማዬ።»

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው በር አጠገብ ያለውን በርጩማ ያዙልኝ» አለች።