ማኒፎልዱን ልሞርደው ወይስ ልተወው?

ባለፈው የካቲት ለሦስት ሳምንት ያህል የምግብ ጠረጴዛችን ላይ አንድ የአሉሚኒየም ዕቃ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቴ መጀመሪያ ዝም አለች። በሁለተኛው ሳምንት ግን «ይህ እንግዳ ከእኛ ጋር እራት መብላቱን የሚያቆመው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ዕቃው የ1986 ቶዮታ ኮሮላ ጂቲ-ኤስ መኪናዬ የአየር ማስገቢያ ማኒፎልድ ነው። ማኒፎልድ አየር ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያከፋፍል፣ ብዙ ቱቦ ያለው የሞተር ክፍል ነው። የቸገረኝ ነገር የቱቦዎቹን ውስጥ በትንሽ ግራይንደር ሞርጄ ላስፋቸው ወይስ እንዳሉ ልተዋቸው የሚለው ነበር። ሞተር ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ቤንዚን ያቃጥላል፤ ጉልበቱም ይጨምራል። ታዲያ መንገዱን ማስፋት ነዋ!

ሞተሩ 4ኤ-ጂኢ ይባላል። 1.6 ሊትር ብቻ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሲሸጥ 112 የፈረስ ጉልበት ነበረው። እንዲህ ዓይነት ማኒፎልድ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። አንዴ የተሞረደ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያስጨነቀኝ የፈረስ ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ፣ አጎቴ ጋራዥ ነበራቸው። በከተማው «ዲኤክስ» የምትባለውን አሮጌ ኮሮላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈቱ ነበር። የሞተሩን ራስ «ቴስታታ»፣ እሳት የሚሰጠውን «ካንዴላ» ማለትን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ቃላቱ ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸውን ያወቅኩት ለማስተርስ ትምህርት ወደዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ቀን የደንበኛ ቴስታታ አጽዳ ተባልኩ። ቀስ ብሎ መፋቅ ሲገባኝ ለመፍጠን ብዬ ግራይንደር አነሳሁ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ በአንድ አፍታ ፊቱን ሸረከትኩት። አጎቴ ምንም አልተናገሩኝም። ቴስታታውን ይዘው ቶርኖ ቤት ሄዱ፤ ከኪሳቸው ከፍለው አስተካከሉት። ለእናቴም አልነገሯትም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። ስለዚህ ይህን ማኒፎልድ በእጄ አሳምሬ ሞርጄ ፎቶውን ልልክላቸው ፈልጌ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ እያገላበጥኩት ሳለሁ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዚህ ማኒፎልድ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ቱቦ አለው፤ በጠቅላላው ስምንት። ሞተሩ ዝግ ባለ ዙር ሲሠራ ከሁለቱ አንዱ በትንሽ ክዳን ይዘጋል፤ ከ4,000 ዙር ትንሽ ከፍ ሲል ይከፈታል። ለምን? ወንዝ በጠባብ ሸለቆ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ሜዳ ላይ ሲደርስ ይዝላል። አየርም እንደዚሁ ነው። የዚህ ሞተር መንገድ መጀመሪያውኑ ሰፊ በመሆኑ ቶዮታ በዝቅተኛ ዙር ፍጥነት እንዳያጣ ግማሹን ይዘጋዋል። እኔ ደግሞ ይበልጥ ላሰፋው ነው!

የ1990ውን ጂቲ-ኤስ ስመለከት ጭራሽ ተገረምኩ። ቶዮታ በዚያው ሞተር ላይ የቴስታታውን የአየር መግቢያዎች አጠበበ፤ ክዳኖቹን አስወገደ። ጉልበቱ ግን ወደ 130 ወጣ። ጭማሪው የመጣው ከመጥበቡ ብቻ አይደለም፤ የሲሊንደሩ እመቃም ከ9.4 ወደ 10.3 ከፍ ብሏል። ቢሆንም «ሰፊ ይሻላል» የሚለው ሐሳቤ ተናጋ።

በመጨረሻ አጎቴ ጋ ደወልኩ። ካሜራውን ወደ ማኒፎልዱ አዞርኩላቸው።

«አየሩ የታነቀው እዚህ ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ።

«ማንም አላለኝም፣ ጋሼ።»

«ለካህ?»

«አልለካሁም።»

«እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው» አሉና ሳሉ። ምንም ሳይጎድልህ ዕዳ ገባህ ማለታቸው ነው።

አፈርኩ። የዕለት ሥራዬ እኮ ይኸው ነው! አንድ ፕሮግራም ሲዘገይብን ኮዱን ከመንካታችን በፊት ጊዜው የት እንደሚባክን እንለካለን። ለጀማሪዎችም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ።

ማኒፎልዱን እንዳለ መልሼ ገጠምኩት። ከመግጠሜ በፊት ጋስኬቱ በአንዱ ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አየሁና ትርፉን በምላጭ ቆረጥኩ፤ ጋስኬት ከተበላሸ ሌላ ይገዛል። ከዚያ ትሮትል ከሚባለው የአየር በር ፊት የግፊት መለኪያ አስገባሁ። የሀይዌይ መግቢያ ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስረግጠው ባለቤቴ አጠገቤ ሆና መርፌውን አነበበች። መርፌው ወደ ታች ወረደ። አየሩ ማኒፎልዱ ጋ ሳይደርስ በፊት ታንቋል ማለት ነው። ጥፋተኛው ከማጣሪያው በኋላ ያለው የላስቲክ ቱቦ ነበር፤ ከእርጅና ብዛት ልሞ ሞተሩ ሲስብ ይጨማደዳል። በአዲስ ቀየርኩት። መርፌው አሁንም ትንሽ ይወርዳል፤ የቀረው ከአሮጌው የአየር መለኪያ ይመስለኛል፤ እሱን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ።

ካምሻፍት ቀይሮ በከፍተኛ ዙር ብቻ ለሚወዳደር ሰው መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው በዚህችው መኪና ነው።

ቅዳሜ አጎቴ ሞተሩን በስልክ አሰማኝ አሉኝ። አስነስቼ አሰማኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡ።

«ግራይንደሩንስ መለስከው?» አሉ በመጨረሻ።

መደርደሪያው ላይ እንዳለ ነገርኳቸው።

«ከፍ አድርገህ አስቀምጠው» አሉኝና ሳቁ።