ለሚቆጣ አንጀት የትኛው አሰር?

አንጀት ተመርምሮ ቁስልም ሆነ ዕብጠት ሳይታይበት ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት፣ ተቅማጥ ወይም ድርቀት የሚመላለስበት ሕመም በሕክምናው አጠራር «ኢሪተብል ባወል ሲንድረም»፣ በአጭሩ አይቢኤስ ይባላል። በአገራችን ከአሜባና ከጃርዲያ ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ የሰገራ ምርመራ መቅደሙ ግድ ነው፤ ደም የተቀላቀለበት ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የክብደት መቀነስ ወይም ደም ማነስ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከምግብ ምርጫ በፊት የሐኪም ነው።

ለዚህ ሕመም ለብዙ ዘመን ይሰጥ የነበረው ምክር አሰር፣ ማለትም ትንሹ አንጀት ሊፈጨው የማይችለው የዕፅዋት ክፍል፣ ይብዛ የሚል ነበር። ምክሩ የሳተው አሰርን ሁሉ አንድ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። የማይሟሟው አሰር፣ ለምሳሌ የስንዴ ፉርሽካ፣ ውሃ ይዞ ሳይለሰልስ እንደ ሻካራ ገለባ ስለሚያልፍ ስስ ስሜት ያለውን አንጀት ይኮረኩረዋል፤ የሚሟሟው ግን ከውሃ ጋር ልጋግ ሆኖ ድርቀትን ያለሰልሳል፣ የቀጠነውንም ያረጋል። በ1994 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ፍራንሲስና ዎርዌል ባሳተሙት ጥናት ፉርሽካ ከሕመምተኞቹ 55 በመቶውን ያባሰ ሲሆን የጠቀመው 10 በመቶውን ብቻ ነበር፤ በ2009 በኔዘርላንድስ 275 ሕመምተኞች በተሳተፉበት የ12 ሳምንት ሙከራ ደግሞ ሳይሊየም የተባለው የሚሟሟ አሰር ከፉርሽካ የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

ሳይሊየም በየገበያው ባይገኝም ተልባ በየቤቱ አለ። የተልባ ፍሬ በውሃ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ራሱ የሚሟሟ አሰር ሲሆን፣ በሻይ ማንኪያ ተጀምሮ በቀን እስከ 1 የሾርባ ማንኪያ ድረስ በቂ ውሃ እየተጠጣበት ቀስ በቀስ ሊጨመር ይችላል። በማር ማጣፈጡ ግን አይመከርም፤ በማር ውስጥ በብዛት ያለው ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር በብዙ ሕመምተኞች አንጀት በደንብ ሳይመጠጥ ቀርቶ ለሌላ መነፋት ይዳርጋልና።

ከባዱ ጥያቄ ሽንኩርት ነው። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የሚገኘው ፍሩክታን የሚሟሟ ቢሆንም የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች በፍጥነት አብላልተው ጋዝ ያደርጉታል። ፍሩክታን በዘይት ስለማይሟሟ የውጭ አገር ምግብ አብሳዮች ሽንኩርቱን በዘይት ጠብሰው ቁርጥራጩን ያወጣሉ፤ ወጥ ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ራሱ መረቅ ስለሚሆን ምኑ ይወጣል? በርበሬው እንኳ ሲደለዝ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። የሚቀረው መንገድ የቅጠል ሽንኩርትን አረንጓዴ ክፍል ብቻ መጠቀም ወይም የሽንኩርቱን መጠን መቀነስ ነው። ምስርና ሽምብራም ተመሳሳይ ጋዝ ፈጣሪ ስኳር አላቸው፤ ሆኖም ምስር ተዘፍዝፎና ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ስኳሩ አብሮ ይቀንሳል፣ ሽሮ ግን ከነውሃው ስለሚበላ ይህን ዕድል አያገኝም።

በአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የዳበረው ሥርዓት እንዲህ ያሉትን ምግቦች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቀንሶ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያስቸግር መለየት ነው። ለጿሚ ሰው ሥራውን በፍስክ ወቅት መጀመር ይሻላል፤ በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ጥራጥሬን መተው ዋናውን የፕሮቲን ምንጭ መተው ይሆናል።