በበጎች በር አጠገብ ያለችው መጠመቂያ

ወደ ኢየሩሳሌም ለመሳለም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁሉ አስቀድሞ ጎልጎታንና ዴር ሱልጣንን ይሳለማል፤ የሚገባም ነው። እኛም በዐቢይ ጾም እኩሌታ በደረስን ጊዜ እንዲሁ አደረግን። በማግሥቱ የጾሙ አራተኛ እሑድ መፃጉዕ ነበረና፥ በዋዜማው ቅዳሜ ያ ድውይ የተፈወሰበትን ስፍራ ሳናይ አንቀርም ብለን ከዴር ሱልጣን ወርደን ፍኖተ መስቀልን ወደ ምሥራቅ ተከተልን።

የእስጢፋኖስ በር ከሚባለው ከከተማው በር ሳይደርሱ በግራ በኩል አንድ ደጅ አለ። ሲገቡ የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ይታያል። የሠሩት የመስቀል ጦረኞች በ12ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ሳላሕ አድዲን ከተማውን ከያዘ በኋላ የእስላም ትምህርት ቤት ሆነ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1856 ዓመት ደግሞ የቱርክ ሱልጣን ለፈረንሳይ ሰጠው። ድምፅ በውስጡ እጅግ ስለሚያስተጋባ ከየአገሩ የመጡ ተሳላሚዎች ሳይዘምሩ አይወጡም።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መሬቱ ተቆፍሮ እንደ ገደል ወርዷል። ቤተ ሳይዳ የተባለችው መጠመቂያ ይህች ናት። ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ በ5ኛው ምዕራፍ አምስት መመላለሻ እንደ ነበረባት ስለ ጻፈ፥ ከአውሮፓ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ነገሩ ምሳሌ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ስፍራ አልነበረም ይሉ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና ከዚያም ወዲህ በተቆፈረ ጊዜ ግን ሁለት ታላላቅ ኩሬዎችና በመካከላቸው የሚከፍላቸው ግድብ ተገኘ፤ በዙሪያው አራት፥ በግድቡ ላይ አንድ ሲሆን አምስት ይሞላል።

ከላይ ቆመን ወደ ታች ስንመለከት የቁልቁለቱ ጥልቀት አስደነገጠን። እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው ይህ ምን ያህል ሩቅ ነው! ያ ሰው 38 ዓመት ታሞ ኖሯል። ጌታችን መዳን ይወድ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፥ አዎን ብሎ አልመለሰም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ እንጂ። ከእግሩ ይልቅ የሰው ማጣት አሳምሞት ነበር። እንግዲህ ለእኛ እንደሚመስለን የተአምራቱ ምሥጢር በዚህ ላይ ነው፤ ጌታችን ተሸክሞ ወደ ውኃው አላወረደውም፤ ሰው ለሌለው እርሱ ራሱ ሰው ሆነለት።

የዳነው ሰው ግን ያዳነውን ማንነት እንኳ አላወቀም ነበር። የአገራችን መምህራን ደግሞ ይህ ሰው በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ መታው ብለው ይተርካሉ፤ ወንጌሉ ይህን አይናገርም። ትረካው እንዳሉት ከሆነ፥ ጌታችን የሚመታውን እጅ አስቀድሞ እያወቀ ፈወሰ ማለት ነው።

ይህን እያሰብን ሳለ አንድ የቤታችን ነገር ትዝ አለን፤ ለአንባቢ መንገሩም ያሳፍራል። ብዙ ዘመን በአልጋ የኖረች አክስት ነበረችን። እህልም መድኃኒትም አስታማሚም አልጎደለባትም፤ ይህን ስላደረግን ሁሉን የፈጸምን መስሎን ነበር። በዓል በመጣ ጊዜ እኛ ከደጃፉ ቆመን እንደምን አለሽ እንላለን፤ እርስዋም እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፤ ሥራ አለብን ብለን እንወጣለን። አንድ ቀን ብቻ፥ ትንሽ አትቀመጡም? አለችን። አልተቀመጥንም።

ወደ ኩሬው የሚያወርደውን ደረጃ መውረድ እንደ ጀመርን፥ አብረውን ከመጡት አንዲት ባልቴት ምርኩዛቸውን ይዘው ከላይ ቀሩ። «ልጆቼ፥ እናንተ ውረዱ፤ እኔ ከዚህ ሆኜ አያለሁ» አሉ። እኛም ሦስት ደረጃ ወርደን ነበርና ተመልሰን ወጣን፤ አንዳችን በቀኝ አንዳችን በግራ ያዝናቸው። ለመውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀብን፤ እርሳቸውም በየደረጃው እየቆሙ ያርፉ ነበር።