ሲዲው የት ገባ?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼም፣ ሁለት ሳምንት የጠፋሁት ሲዲ ስፈልግ ነው። አትሳቁ።

አምና ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሎኝ ስመረመር አንዱ የአንጎሌ ደም ሥር ላይ ትንሽ እብጠት ተገኘ። አኑሪዝም ይሉታል፤ የደም ሥሩ ግድግዳ በሳሳበት በኩል እንደ ፊኛ ሲነፋ ማለት ነው። 4 ሚሊ ሜትር። ራስ ምታቱን ያመጣው እሱ አልነበረም፣ በአጋጣሚ ነው የታየው። እንዲህ ትንሽ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈነዳ ይኖራል፤ ከፈነዳ ግን ጨዋታ የለም። ሐኪሜ «ሲጋራውን ያቁሙ፣ ግፊትዎን ይቆጣጠሩ፣ ከዓመት በኋላ በኤም አር ኤ እናየዋለን» አለችኝ።

ኤም አር ኤ ያው የምታውቁት የኤም አር አይ ማሽን ነው፣ ደም ሥርን ለይቶ እንዲያሳይ ተደርጎ ሲሠራ። እንደ ራጅ ጨረር የለውም፤ የእኔው ደግሞ መርፌም አላስፈለገውም። ማግኔቱ 1.5 ቴስላ ነው፤ ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ እጥፍ ገደማ። ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬ በመጨረሻ ውስጡ ገባሁበት!

እንዴት ያያል? አንዱን የጭንቅላት ክፍል በሬዲዮ ሞገድ ደጋግሞ ይመታዋል። ባለበት ያለው ሥጋ ይደክመውና ምልክቱ ይደበዝዛል። ደሙ ግን ከውጭ አዲስ እየገባ ስለሆነ ገና አልተመታም፤ ደምቆ ይወጣል። ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ደንዝዞ የተቀመጠውን ክፍላችሁን አስቡት። ደም ማለት በሩን በርግዶ የሚገባው አርፋጅ ነው። (ማን እንደነበር ራሱ ያውቃል።) ታዲያ ደሙ ዝግ ካለ ወይም ከተሽከረከረ እዚያ ጋ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያልጠበበውንም የጠበበ ያስመስላል። ለዚህ ነው የለመደ ዓይን የሚያስፈልገው።

የዘንድሮው ውጤት 4.6 ሚሊ ሜትር ይላል።

«አደገ ማለት ነው?»

«የአምናውን ምስል ካላየሁ ምንም ማለት አልችልም። ለኪው ሲለያይ፣ መስመሩ የተሰመረበት ቦታ ሲለያይ፣ ቁጥሩም ይለያያል።»

አምና የተነሳሁበት ቦታ ሄድኩ፤ «ከኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ሲዲ ሰጥተንዎት የለ?» አሉኝ። ሰጥተውኛል። የት አደረግኩት?

በቃ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ሌሊት ተነስቼ አሰላለሁ። ፊኛውን ሉል ነው ብላችሁ ሥሩት፦ ዲያሜትሩ 15 በመቶ ካደገ ይዘቱ ከ50 በመቶ በላይ ያድጋል። ፊዚክስ አስተማሪ መሆን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምንም አይጠቅምም።

ያገኘችው ባለቤቴ ናት፤ የልጃችን የሠርግ ሲዲ ማቀፊያ ውስጥ። ሐኪሜ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፍታ፣ በአንድ ቦታ፣ በራሷ እጅ ለካቻቸው። አምናም 4.5፣ ዘንድሮም 4.5። እኔ ዝም አልኩ፤ ባለቤቴ ናት ያለቀሰችው።

ሁለቱንም ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለልጄ ሰጥቻለሁ። የሠርጉ ሲዲ ግን እስካሁን አልተገኘም።