ስለ ሟች የሚጠይቅ ሰው

በአጅባርና በመካነ ሰላም አካባቢ ወጣቶች ስልክ ውስጥ ከመዝሙር ቀጥሎ ብዙ ቦታ የሚይዘው የወንጀል ድራማ ሳይሆን አይቀርም። ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ በፍላሽ ይዞት ይመጣል፤ አንዱ ከሌላው ይገለብጣል፤ መብራት በጠፋ ማታ ሦስት አራት ሆነው በአንድ ስልክ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ታሪኩ ብዙውን ጊዜ ይመሳሰላል። መርማሪው ትዳሩ ፈርሷል፤ ይጠጣል፤ እንቅልፍ የለውም። ሰማዩ እንደ ሐምሌ ጠቁሮ ይውላል። ገዳዩ በመጨረሻ ቢያዝ እንኳ ደስ የሚለው ሰው የለም። ልጆቹ ይህን እያወቁ የሚቀጥለውን ክፍል ይፈልጋሉ።

በወጣቶች ኅብረታችን የጥያቄ ሣጥን ውስጥ “እንዲህ ዓይነት ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይ?” የሚል ወረቀት በየጊዜው ይገባል። አጭሩ መልሴ ይህ ነው፦ ዝሙትንና ደም መፍሰስን እንደ ቅመም የሚጨምረውን ተዉት፤ ካያችሁት በኋላ ጸሎት የሚያስጠላችሁንም ተዉት። ነገር ግን በዚህ ብቻ ብንለያይ ትልቁ ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። ወጣቱ በዚህ ጨለማ ታሪክ ውስጥ የሚፈልገው ምንድን ነው?

የመርማሪ ታሪክ ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1887 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሼርሎክ ሆምስ የሚደነቀው በአእምሮው ስለት ነበር። እንቆቅልሹ ሲፈታ አንባቢው ተደንቆ መጽሐፉን ይዘጋል። የዛሬው መርማሪ ግን ሌላ ሰው ነው። ስዊድናዊው ደራሲ ሄኒንግ ማንኬል በ1991 የጀመረው ኩርት ዋላንደር ትዳሩ የፈረሰ፣ ስኳር በሽታ የያዘው ፖሊስ ነው። በ2014 የወጣው የአሜሪካው “ትሩ ዲቴክቲቭ” ዋና ሰው ልጁን በሞት ያጣ ነው። በ2007 የተሠራው የዴንማርኩ “ዘ ኪሊንግ” ደግሞ በመጀመሪያው ዙር 20 ክፍሎቹን በሙሉ ስለ አንዲት የተገደለች ተማሪ ያውላል። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቀን ነው። ካሜራው ደጋግሞ ወደ ወላጆቿ ቤት ይመለሳል፤ እናትና አባት ሐዘኑን እንዴት ተሸክመው እንደሚውሉ ያሳያል። መርማሪዋ ሣራ ሉንድ ጉዳዩን አልለቅም ስትል ከገዛ ልጇና ከእናቷ ጋር ያላት ነገር ይሻክራል።

ለአገራችን ሰው፣ ራሱን ስቶ ወንጀለኛ የሚፈልግ ሰው እንግዳ አይደለም። ድሮ ሌባሻይ የሚባል ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ ተይዞ በየመንደሩ ይንገዳገዳል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው እንደተበደለበት መገመት አያዳግትም፤ በኋላም በመንግሥት ተከለከለ። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል። ሰው እውነቱ ተሸፍኖ መኖር ይከብደዋል። እውነቱን የሚያወጣለት ከመሰለው የሰከረ ልጅም ቢሆን ይከተላል።

ይህ ረሃብ በእኛ ዘንድ የሚጠናበት ምክንያት አለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመንም ለወሎ የእፎይታ አልሆነም። የተለቀሰለት ሟች ብዙ ነው፤ የተጠየቀለት ግን ጥቂት ነው። በኅብረታችን ወንድሟ የሞተባት አንዲት እኅት አለች። አንድ ቀን ስለ ፊልም ስንወያይ እንዲህ አለች፦ “ጋሼ፣ ሰውዬው ስለማያውቃት ልጅ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም። ስለ ወንድሜ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥቶ የጠየቀኝ የለም።” ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ፊልሙ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እኔ መልሱ በእርሷ ቃል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ወጣቱ የሚወደው መጠጡን ወይም ጨለማውን አይደለም። አንድ ሰው ሞቶ ነገሩ እንዲሁ እንዳይዘጋ እምቢ የሚል ሰው ማየት ይወዳል። መርማሪው ቢደክምም፣ አለቃው ቢቆጣውም፣ ቤቱ ቢፈርስም “ማን ገደላት?” ማለቱን አይተውም።

ይህን ጥያቄ ከመርማሪው አስቀድሞ የጠየቀው እግዚአብሔር ነው። በዘፍጥረት ምዕራፍ 4 አቤል በሜዳ ሲገደል ያየ ምስክር አልነበረም። እግዚአብሔር ግን ቃየልን ወንድሙ የት እንዳለ ጠየቀው፤ ከምድር የሚጮኸውንም ደም ሰማ። በዘዳግም ምዕራፍ 21 ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ሕግ አለ። ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ በሜዳ ሲገኝ፣ ሽማግሌዎች ወጥተው ሬሳው ካለበት እስከ ከተሞቹ ድረስ ያለውን ርቀት ይለካሉ። ለሬሳው የቀረበችው ከተማ ሽማግሌዎች ጊደር ይዘው ወደ ሸለቆ ይወርዳሉ፤ እጃቸውን ታጥበው በእግዚአብሔር ፊት ይናገራሉ። ገዳዩ አልታወቀም ተብሎ ነገሩ አይተውም። ለሟቹ የቀረበ ሁሉ ይመለከተዋል።

አባቶቻችን ለዚህ የሚቀርብ ሥርዓት ነበራቸው፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይሉታል። ወንጀል ተሠርቶ ሠሪው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ነገሩ እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። የሚያውቅ ሰው በቀልን ከፈራ በምስጢር ለተመረጡ ሽማግሌዎች ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን ጠቋሚ “ወፍ” ይሉታል። ሌባው ካልታወቀም ጥፋቱን አካባቢው አዋጥቶ ይከፍላል። ይህም ሥርዓት ጉድለት አላጣውም፤ በሐሰት የተጠቆመ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በአውጫጭኝ ውስጥ ተመልካች የሚባል የለም። ሁሉም በክቡ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሁሉም ይጠየቃል።

ድራማው ከዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እኛ ከክቡ ውጭ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ነን። መርማሪው ስለ እኛ ያዝናል፣ ስለ እኛ አይተኛም፣ ስለ እኛ ይጠይቃል። ሃያውን ክፍል ስንጨርስ ስለ ፍትሕ ብዙ የደከምን ይመስለናል፤ ግን የማንንም ደጅ አላንኳኳንም። ንጉሥ ዳዊትም እንዲህ ያለ ተመልካች ነበር። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን የድሀውን አንዲት ጠቦት ስለወሰደ ባለጠጋ ሲነግረው በጣም ተቆጣ፤ ወዲያው ፍርድ ሰጠ። ታሪኩ ወደ እርሱ ሲዞር ግን ከተመልካችነት ወንበሩ ወረደ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን በ1911 መጽሐፍ ያወጣለት መርማሪ ቄስ፣ አባ ብራውንም ገዳዩን የሚያገኘው በመጀመሪያ የራሱን ልብ መርምሮ ነው። ወደ እኔ የማይዞር የወንጀል ታሪክ፣ ሌላው ሰው ክፉ መሆኑን ብቻ እያሳየኝ ያስተኛኛል።

ሌላም የምንማረው ነገር አለ፤ ይህኛው ለቤተ ክርስቲያን ነው። በምስክርነት ሰዓት የሚቆመው ብዙ ጊዜ ያለፈለት ሰው ነው። ታሞ የዳነ፣ አጥቶ ያገኘ ይመሰክራል፤ እናጨበጭባለን። ገና ያልዳነው፣ ሌሊት የሚባንነው፣ ጥያቄው ያልተመለሰለት ወጣት ግን መድረክ የለውም። ማታ ስልኩ ላይ ራሱን የሚመስል ሰው ያገኛል፤ የተሰበረ፣ ነገር ግን በማግስቱ ተነሥቶ ሥራውን የሚሠራ። መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ያለውን ሰው አላፈረበትም። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለምኗል፤ መዝሙር 88 ሲጨርስም በጨለማ ውስጥ ነው። እነዚህን በጉባኤያችን በግልጥ ብናነብባቸው ወጣቱ ለእንባው ጓደኛ ፍለጋ ያን ያህል ባልራቀ ነበር።

ደግሞም ድራማው የሚያበቃው ካቴና ሲገባ ነው። በወሎ ግን ገዳዩ ታወቀ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በሟችና በገዳይ ወገን መካከል ይገባሉ። ጥፋቱ ይነገራል፤ ካሳ ይቆረጣል፤ የሟች ወንድም ከበቀል እጁን እንዲሰበስብ ይለመናል። ደሙ የሚደርቀው እውነቱ ከወጣ በኋላ እንጂ ተሸፍኖ አይደለም። የእንቅልፍ አጡ መርማሪ ችግርም ይኸው ነው፤ የሌላውን ኃጢአት ያገኛል፣ ይሸከማል፣ ግን የሚያራግፍበት ቦታ የለውም። የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 12 የአቤልን ደምና የኢየሱስን ደም ጎን ለጎን ያስቀምጣል። አንዱ ፍርድን ይጠራል፤ ሌላው እውነቱን ሳይሸፍን ዕዳውን ይከፍላል። ወንጌልን የምንሰብከው “እርሱት” ለማለት አይደለም። የጠየቀው አምላክ ራሱ መጥቶ ተሸከመው ለማለት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት የኅብረቱ ልጆች በቁጥር ሰባት ሆነው ወደዚያች እኅት ቤት ሄዱ። የተዘጋጀ ስብከት አልነበራቸውም። ቡና ተፈላ፤ ከዚያ አንዱ “ወንድምሽ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?” አላት። እናቲቱ ከጓዳ ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ፎቶ አመጡ፤ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ መጨረሻው ቀን ተናገሩ። ማን እንደገደለው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የዚያን ቀን ግን ስሙ በቤቱ ውስጥ እስኪመሽ ድረስ ተጠራ።

ፊልሙን ማየት ወይም መተው ለየኅሊናችሁ ነው። ካያችሁ ግን፣ ክፍሉ አልቆ ስልኩ ሲጠፋ፣ በሰፈራችሁ ያልተጠየቀለት ሟች ያለበት ቤት የትኛው እንደሆነ አስቡ። ርቀቱን ለኩ። የቀረባችሁት እናንተ ከሆናችሁ ሂዱ።